ግርጌው የተቆረጠ ቅጠል

የሥራ መደቤ የታጠፈው ሐሙስ ነው፤ የተመረቅኩት ቅዳሜ። ሐሙስ ደብዳቤ ተሰጠኝ፣ ቅዳሜ ጋዋን ለበስኩ፣ እሁድ ሙሉ ቀን ተኛሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እቤት ይሄን ልጽፍ ስቀመጥ «የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረተኛ አይደል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ምን ላድርግ፣ ሥራው ራሱ ጡረታ ወጣ። ደብዳቤው እንደሚለው ከእንግዲህ ዕፅዋት በካሜራ ስለሚነሱ የእጅ ሥዕል ባለሙያም ረዳትም አያስፈልግም። ረዳቷ እኔ ነኝ። ባለሙያው ጋሽ በላይነህ ነበሩ፣ እሳቸው ከኔ አንድ ዓመት ቀድመው ወጥተዋል።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ደብዳቤው አይደለም። ባለፈው ሰሞን አንድ የማላውቀው ሰው አዲስ አበባ የሆነ ሆቴል ገብቶ፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያየውን ሥዕል በስልኩ አንስቶ ለጠፈ። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም አንድ አገዳ፣ ሰባት ቅጠል፣ በቃ። ከሥሩ ሰው ሁሉ ያደንቃል። «ዘመናዊ ሥዕል ማለት ይሄ ነው» ይላል አንዱ። «ምንም ሳይኖረው ሁሉ ነገር አለው» ትላለች ሌላዋ። ገና ሳየው አወቅኩት። የሣሉት ጋሽ በላይነህ ናቸው። ከታች አራት ጣት ያህል ወረቀት ይጎድለዋል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። አምቦ ያለ አንድ ቢሮ የዕፅዋት ክፍሉ ልጅ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ብቃቴ የእጅ ጽሑፌ ማማሩ ብቻ ነበር። ኮንትራት ፈረምኩ፣ ቅዳሜና እሁድ በኤክስቴንሽን መማር ጀመርኩ። ደመወዙ የትምህርቴንና የባጃጅን ይችል ነበር፤ ከዛ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም።

ክፍሉ ከቢሮው ጀርባ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ጋዜጣ መሃል ተጭኖ የደረቀ ቅጠል እስከ ጣሪያ። ጋሽ በላይነህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። አያቶቻቸው ከወዲያ ሸዋ መጥተው አምቦ የሰፈሩ ናቸው፣ እሳቸው ግን አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አንድ ላይ ሰፍተው ነው የሚናገሩት።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አሉኝ ከሰላምታ በፊት።

«አዎ።»

«በምን?»

«በሳሙና ነዋ።»

«ነገ በውሃ ብቻ። ቅጠሉን ስታሸቺ የራስሽን ሳሙና እንዳታሸቺ።»

እብድ ናቸው ብዬ ነበር። ሁለት ወር ብዕር አላስነኩኝም። ቅጠል አሸታለሁ፣ የቅጠል ሥር እቆጥራለሁ፣ ጋዜጣ እቀይራለሁ። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ መቼ ነው የምሥለው?» አልኳቸው።

«የምትሥይውን ስታውቂው።»

«ይሄ እኮ ግራዋ ነው። ግራዋን የማያውቅ ማን አለ?»

ግራዋውን ከጠርሙሱ አወጡና ጫፉን ወደታች አድርገው ክር ላይ ሰቀሉት። «አሁን እዪው። ቀጥ ብሎ ሲቆም የምታውቂውን ነው የምታዪው። ሲገለበጥ ያለውን ታያለሽ።»

አየሁት። ግራዋ አይመስልም። ቅጠሉ ዳር ዳሩን በምላስ የተላሰ ይመስላል፣ አገዳው ላይ ደግሞ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስጨፈልቀው የኖርኩትን ጎድጓዳ መስመር ያን ቀን ነው ያየሁት። ተናደድኩ። ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ።

አሣሣላቸው እንዲህ ነው። ወረቀቱን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ብዕሩ የብረት ጫፍ ያለው፣ ቀለም ውስጥ የሚነከር ነው። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አገዳውን ከታች ወደ ላይ በአንድ ጊዜ ይስቡታል፣ ምክንያቱም ተክሉም ያደገው ከታች ወደ ላይ ነው ይላሉ። ክብደት ያለበት ቦታ ብዕሩን ጫን ሲሉት ይወፍራል፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሲለቁት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ከዛ ይተነፍሳሉ። ላጲስ የለም። ከተበላሸ በምላጭ ፍቅፍቅ ያደርጉታል፣ ሲፍቁ ያየሁት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ጥላ አይሥሉም። «ጥላ የፀሐይ ነው፣ የቅጠሉ አይደለም» ይላሉ። ትል የበላውን ቀዳዳም አይሥሉም። «እሱ የትሉ ነው።»

ሥዕሉ ሲያልቅ ከታች አራት ጣት ባዶ ቦታ ይቀራል። ግርጌ ይሉታል። እዚያ ላይ በእርሳስ የኦሮምኛ ስሙን፣ የአማርኛ ስሙን፣ የት እንደተገኘና ማን እንዳሳየ ይጽፋሉ። ግርጌው ሳይጻፍ ብዕራቸውን አያጥቡም። አንዳንዴ ቀበሌው ጠፍቷቸው ግማሽ ቀን መዝገብ ሲያገላብጡ ብዕሩ ቀለሙ እየደረቀበት ይጠብቃል። «ይጠቡት፣ ይበላሻል» ስላቸው «ሥራው አላለቀማ» ይሉኛል።

መስክ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። መጀመሪያ የወጣሁት ጊንጪ ነው። የስንዴ ማሳ ዳር ተቀምጬ የመጀመሪያዬን ሙሉ ሥዕል ሠራሁ፣ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ቅጠል ያለው፣ እንደ ሹሩባ የሚያምር። በኩራት ሰጠኋቸው። ሥዕሉን አዩ፣ ተክሉን አዩ።

«ሰናይት፣ እነዚህን ቅጠሎች ማን አጋባቸው?»

«እንዴት?»

«ተክሉ ላይ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከፍ ብሎ እዚያ ነው። የማይተዋወቁ ናቸው። አንቺ ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ዳርሻቸዋል።»

«እንደዚህ ያምራላ ጋሼ።»

«ማማሩንማ ያምራል» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። ሳስበው ኋላ ያደረግኩት ሁሉ እዚያች «ያምራላ» ውስጥ ነበረ። የዛን ቀን ግን ሳቅኩ።

ሸነን የሄድነው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ አዴ ሸጌ ጋ። አዴ ሸጌ፣ በአማርኛ እማማ ሸጌ እንደማለት ነው፣ መድኃኒት አዋቂ ናቸው፣ ሆዱ የታመመ ልጅ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። የኛ አገር መድኃኒት አዋቂ የተክሉን ስም ለሰው አይናገርም። ጨፍልቆ ነው የሚሰጥህ፣ ቅጠሉ የምን እንደሆነ እንዳታውቅ። ስሙ ከአፍ ከወጣ ኃይሉም አብሮ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ የቢሮው ሰዎች ስንት ጊዜ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ጋሽ በላይነህ ግን ሦስት ቀን ደጃቸው ቁጭ ብለው ጎመን ሲቀነጥሱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አዴ ሸጌ በኦሮምኛ ጠየቋቸው፤ እኔ በአማርኛ ላስቀምጠው።

«ብነግርህ የት ታደርገዋለህ?»

«ወረቀት ላይ። ከስምሽ ጋር።»

«ስሜን ሌላ ሰው ቢፍቀውስ?»

«ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ተክሉ ካለ አንቺም አለሽ።»

ሦስት ተክል አሳዩን። ሦስቱም ትናንሽ ናቸው፣ ሦስቱም ሰባት ሰባት ቅጠል አወጡ፣ ቢሮ ውስጥ ማንም የሚያውቃቸው አልነበረም። ጋሽ በላይነህ እዚያው ሣሉና ግርጌውን ጽፈው ሁለት ሁለት ጊዜ አነበቡላቸው። አዴ ሸጌ ማንበብ አይችሉም። ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው ጨፍልቀው አረንጓዴውን ጣት ስማቸው ላይ ተጫኑት። ሦስቱም ላይ። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጠጠር እያወጣሁ ነበር፣ የትኛው ስም ለየትኛው ተክል እንደተጻፈ አላየሁም።

አራተኛው ዓመት ላይ ሊያ መጣች። ሊያ አዲስ አበባ ዘመናዊ ሥዕል የምታሳይ ሴት ናት፣ ለሌላ ጉዳይ ቢሮ መጥታ በስህተት የኛን በር ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የእንሰት ቅጠል አየችና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን የሣለው ሰው የት ነው የተማረው?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«እዚሁ ወንበር ላይ» አልኳት። ጋሽ በላይነህ ምሳ ወጥተው ነበር።

ያን ቀን በስልኳ የውጭ አገር ሰዓሊዎች ሥዕል አሳየችኝ። ቅጠል ብቻ። ብዕራቸውን ሳያነሱ በአንድ መስመር የሠሩት አበባ፣ አምስት ቅጠል ያለው ባዶ ወረቀት። እኔ እስከዛ ድረስ ሥራችንን እንደ ቢሮ ሥራ ነበር የማየው፣ እንደ ቅጽ መሙላት። እሷ ናት ዓይኔን የከፈተችው፣ ይሄን አልክድም። መስመሩ ቅጠሉን አይሞላውም፣ ይከበዋል፤ የቀረው ነጭ ወረቀት ራሱ ቅጠል ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ይቋረጣል፣ ዓይንህ ይቀጥለዋል፣ ስለዚህ ሥዕሉን ግማሹን የሣልከው አንተ ነህ። ሰው «ይሄማ ልጅም ይሠራዋል» ይላል። ይሞክረዋ። ብዙ መስመር ካለህ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይሸፍንለታል። አንድ ብቻ ከሆነ መደበቂያ የለውም።

ለሳምንታት ስልኬ በነሱ ተሞላ። የማልወድላቸውም ነገር ነበር። አንዳንዶቹ የሚሥሉት «ቅጠልን» ነው፣ ይሄን ቅጠል አይደለም፤ የትም ያልበቀለ ቅጠል ነው። የጋሽ በላይነህ ግን እንደነሱ ባዶ ሆኖ የሆነ ቦታ የበቀለ ነው። እንሰታቸው የወንጪ እንሰት ነው። ይሄን ለሊያ ስነግራት «ለዚህ ነው የምፈልገው» አለች። ለኤግዚቢሽን አርባ ሁለት ሥዕል መረጠች። የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ዋቅጅራ ቶሎ ፈቀደ፤ የቢሮው ስም ግድግዳ ላይ ይጻፋል ስለተባለ።

ጋሽ በላይነህ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ሞራ ይዞት ነበር። ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሉ ሥዕሎቹ ያሉበትን የቁም ሣጥን ቁልፍ ሰጡኝ።

«ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

ሊያ ግርጌው ዓይን ይስባል፣ ሥዕሉን የመዝገብ ወረቀት ያስመስለዋል ብላ ነበር። ግን ቆርጠሽ ጣዪ አላለችም። «ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ካርቶን ይሸፍነዋል፣ አትንኪው» ነው ያለችው፣ በግልጽ። ስህተቱን እሷ ላይ ለመጫን ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም። ፍሬሞቹን የሠራው የአምቦ አናጢ ነው። ልኩን ሲወስድ ሥዕሉን ብቻ ለካ፣ ግርጌውን ተወው። ፍሬሞቹ ሲመጡ አራት ጣት አጠሩ። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይነሳል። የዛን ሳምንት ኔትወርክ ተቋርጧል፣ ሊያን ማግኘት አልቻልኩም። ጋሽ በላይነህን ማግኘት አልቻልኩም። መኪናውን ማስቀረት ግን እችል ነበር። አናጢውን ሁለት ቀን መጠበቅ እችል ነበር።

የወረቀት መቁረጫው ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ረጅም ቢላ ያለው። አሥር አሥሩን ደርድሬ አስገባሁ። አራት ጊዜ ተጫንኩት፣ የቀሩትን ሁለት ለብቻቸው። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ግርጌዎቹን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፣ ስመለስ ከጀርባቸው እለጥፋቸዋለሁ ብዬ። ቁጥር እንኳን አልጻፍኩባቸውም። ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው፤ አማሩ። ስዋሽ አልገኝም፣ በጣም አማሩ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው ሞላ። ጋሽ በላይነህ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ፣ የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው መጡ። ሐኪም ቤት ዘግይተዋል ተብለው ነበር፣ የቀረውም ዓይን ያን ያህል አያይም። ግድግዳው ጋ ሄዱ፣ ፊታቸውን መስተዋቱ ላይ ሊያስነኩ ደረሱ። ከላይ ጀምረው ወደታች ወረዱ። ከዛ በእጃቸው የፍሬሙን ታች ዳበሱት።

«ካርቶኑ ሸፍኖት ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ግርጌው የት አለ?»

«ቆረጥኩት። አስቀምጬዋለሁ። ፍሬሙ አጥሮ ነው።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

የሆነች ሴት መጥታ እንኳን ደስ ያለዎት አለቻቸው፣ እጃቸውን ጨበጠች፣ እዚያ ጋ ያለውን ሥዕል እያሳየች «ይሄ ምን የሚባል ተክል ነው?» አለቻቸው።

«ተጽፎበት ነበር» አሏት።

ሴትየዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡና እስኪያልቅ ድረስ አልተነሱም።

አርባ ሁለት ሄዶ አርባ አንድ ተመለሰ። አንዱን ኦቦ ዋቅጅራ ለሆነ ትልቅ እንግዳ በማስታወሻነት ሰጥቶታል። የቀሩትን ወደ መዝገብ ልመልስ ስል አልቀበልም አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ አንዱን አንስቶ።

«የጋሽ በላይነህ ሥዕል ነዋ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። የቱ ተክል ነው? ከየት መጣ? ማን አሳየ?»

«ግርጌው አለኝ፣ እለጥፈዋለሁ።»

«የትኛውን ከየትኛው?» አለኝ። ቢላው ሁሉንም እኩል ነው የቆረጣቸው፣ ጠርዛቸው አንድ ነው። «ሰናይት፣ መረጃ የሌለው ናሙና ሣር ነው። ይሄን ያስተማረን ራሱ ጋሽ በላይነህ ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላስተካከልሽ ንብረት ቆጠራው ላይ ይወገዳል።»

ጠላሁት ያን ቀን። ግን ልክ ነበር።

ጋሽ በላይነህም ጡረታ የሚወጡት ሰኔ ሠላሳ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ምርጡ አርባ አንድ ወረቀት ሣር ሆኖ ሊወጡ ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ኮሶውን፣ ወይራውን፣ እንሰቱን፣ እምቧዩን እኔም አውቃቸዋለሁ፣ ሃያ ሁለቱን በሁለት ቀን አጣበቅኩ። ጥቂቱን ደግሞ ሥዕሉን እየተረክኩላቸው እሳቸው ለዩልኝ። «ቅጠሉ ሥሩ ላይ ጆሮ አለው?» ይላሉ፣ «አለው» እላለሁ፣ «እንግዲያ የጉደሩ ነው።» አዴ ሸጌ ያሳዩን ላይ ስንደርስ ግን «ሦስቱም ሰባት ቅጠል ናቸው። ሳላይ አልምልም» አሉ። አላስቸገርኳቸውም።

የቀረውን ይዤ መንገድ ጀመርኩ። ግርጌው ላይ ስማቸው ያለ ሰዎች ጋ ልሄድ። መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፣ ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ለቅዳሜ ፈተና እመለሳለሁ።

ወንጪ ላይ ኦቦ ደበላን አገኘሁ፣ ለጎብኚ ፈረስ የሚያከራዩ ሰውዬ ናቸው። ሦስት የእምቧጮ ሥዕል አለ፣ አንዱ የአምቦ፣ አንዱ የጊንጪ፣ አንዱ እሳቸው ያሳዩት። ለኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሦስቱን ፈረሱ ኮርቻ ላይ ደርድሬ ሳልጨርስ በጅራፋቸው እጀታ አንዱን ነኩት።

«የኔ ይሄ ነው።»

«እንዴት አወቁ ኦቦ ደበላ?»

«ጎንበስ ብሏል አይደል? ሐይቁ ያለበት ገደል ላይ ንፋሱ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚመጣው፣ ይገፋዋል። እነዚህ ሁለቱ የሜዳ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ይኮራሉ። ደግሞ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማሪው አሉኝ?»

«አዎ።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ በርቺ» አሉና ፈረሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። እውነትም አገዳው መሃሉ ላይ ትንሽ፣ የፀጉር ያህል ጎብጧል። ጋሽ በላይነህ ንፋስ ሥለዋል። አንድ መስመር ውስጥ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስልኬ ላይ ዘመናዊ ሥዕል ሳደንቅ አጠገቤ ያለውን ንፋስ አላየሁትም።

ጊንጪ መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት አገኘሁ፤ ግርጌው ላይ ያለው የእናቷ ስም ነው። እናቷ ሞተዋል። ሥዕሎቹን አገላበጠች፣ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ሲጠራት እንኳን አልሄደችም። አንዱን አወጣች። «ይሄ ከቤታችን ጀርባ ነበር፣ አሁን ብሎኬት ቆሞበታል» አለች። ግርጌውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የእናቷ ስም ላይ ስደርስ ድገሚው አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሠላሳ ዘጠኝ ሞላሁ። እጄ ላይ ሁለት ሥዕልና ሦስት ግርጌ ቀረ። ሦስቱም ግርጌ ላይ የደረቀ አረንጓዴ አውራ ጣት አለ። ሦስተኛው ሥዕል እንግዳው ይዞት የሄደው ነው ማለት ነው።

ሸነን ስደርስ አዴ ሸጌ ደጃቸው ተቀምጠዋል።

«አካም ጂርቱ አዴ?»

«ደህና ነኝ። በላይነህስ?»

«ዓይናቸው ደከመ።»

«አንቺስ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ወረቀቱንና ግርጌውን ለየብቻ አወጣሁ። ማስረዳት ጀመርኩ፣ ፍሬም አጠረ፣ ኔትወርክ የለም። እጃቸውን አነሱ።

«ስሜን ከተክሉ ላይ ቆረጥሽው?»

«አዎ አዴ።»

«ዓይንሽ ደህና ነው አላልሽም?»

«ብቻ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ በጣትዎ ይንኩልኝ። ስሙን እኔ አላነሳም። ካልነኩልኝ ይጣላል።»

«አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ» አሉኝ። «የተናገርኩት አይለያይም ስለተባልኩ ነው። ሁለተኛ የምናገርበት አፍ የለኝም። አምጪ።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ሦስቱን ግርጌ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን አረንጓዴው ላይ አስቀምጠው ለኩት፣ ልኩ ነው። ከዛ አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሥዕሉስ አዴ?»

«ሥዕሉ የናንተ ነው። ተመልከቱት።»

አምቦ ተመልሼ ለጋሽ በላይነህ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያጣበቅኳቸውን ሠላሳ ዘጠኝ ወረቀት አንድ በአንድ ወሰዱ፣ የተቆረጠበትን መስመር በጥፍራቸው ዳበሱት። ጨርሰው «ልክ ናት» አሉ። «ቃል የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።»

ይሄን ሲሉኝ ነው ያለቀስኩት። ሌላ ጊዜ አላለቀስኩም።

ሰኔ ሠላሳ የአወጋገድ ኮሚቴው መጣ። ሠላሳ ዘጠኙ መዝገብ ገባ። ሁለቱ ላይ «ይወገድ» ተጻፈና ከቢሮው ጀርባ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተቃጠሉ። ልሰርቃቸው አስቤ ነበር። ሰርቄ ምን ብዬ ነው የምሰቅላቸው? ጋሽ በላይነህ ኮታቸውን ይዘው ወጡ፣ የሽኝት ኬክ ተቆረጠ፣ አልበሉም።

ዘንድሮ ተራው የኔ ሲሆን ክፍሉን አስረከብኩ። ጠረጴዛ ሁለት፣ ወንበር ሁለት፣ የወረቀት መቁረጫ አንድ። የጋሽ በላይነህ ብዕር መሳቢያቸው ውስጥ ነበር። ቀለሙ ጫፉ ላይ ደርቋል፣ አልታጠበም። እሳቸው በሕይወታቸው ያልታጠበ ብዕር ትተው ወጥተው አያውቁም። ንብረት ክፍሉ አየው፣ «የማይሠራ፣ አንድ» ብሎ መዘገበው። እኔም አላጠብኩትም።

እንግዲህ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው። ከሥሩ ሰዎች አሁንም ይጽፋሉ። አንዱ «ምን ዓይነት ተክል ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዷ ጤና አዳም ነው አለች። ሌላው «ምን እንደሆነ አለማወቃችን እኮ ነው ውበቱ» አለ። ሦስቱን ስሞች አውቃቸዋለሁ፣ ግርጌውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የዚህኛው የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ባውቅም አልጽፈውም። የሚያውቁት አዴ ሸጌ ሸነን ናቸው፣ ግርጌው መቀነታቸው ውስጥ ነው።

«ስሙ ከታች ተጽፎ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

እስካሁን አንድ ሰው ነው የመለሰልኝ። የሳቅ ምልክት አደረገ።